ራም በጥንድ

ራምን ሁለት ሁለት አድርጎ መሰካት «ዱዋል ቻናል» (ጥንድ መስመር) ከሚባለው ነገር በዕድሜ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የፔንቲየም ፕሮሰሰር ከራም ጋር መረጃ የሚለዋወጥበት መስመር 64 ቢት ስፋት ነበረው። ባለ 72 ፒኑ ሲም የተባለው ራም ግን (ከስልኩ ሲም ካርድ ጋር ዝምድና የለውም) 32 ቢት ብቻ ነበር። አንዱን ለብቻው ሰክተው ቢያበሩት ማሽኑ አይነሳም። በኋላ ባለ 168 ፒኑ ዲም መጥቶ 64 ቢቱን ብቻውን ስለቻለ፣ ጥንድ የመፈለጉ ጣጣ ለጥቂት ዓመታት ቀረ።

ጥንዱን የመለሰው ፍጥነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ኢንቴል ፔንቲየም 4ን ሲያወጣ፣ 850 በተባለው ቺፕሴት ራምበስ የሚባለውን ራም በሁለት ቻናል አስኬደው። ራምበስ ውድ ነበር፤ ይባስ ብሎ ባዶ የቀረው ስሎት እንኳ ቺፕ በሌለው ካርድ መደፈን ነበረበት። ገበያው አልወደደውም። በ2001 ኤንቪዲያ በኤንፎርስ ቺፕሴት ያንኑ ዘዴ ርካሽ በሆነው ዲዲአር ለኤኤምዲ ማሽኖች አመጣ። ነገሩ በየቢሮው ጠረጴዛ የደረሰው ግን በ2003 የኢንቴል 865 እና 875 ሲወጡ ነው። ሒሳቡም ቀላል ነበር፦ የጊዜው ፔንቲየም 4 በሰከንድ 6.4 ጊጋባይት መቀበል ሲችል፣ አንድ ዲዲአር 400 የሚሰጠው 3.2 ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት ኮምፒውተሮች ሌላ አገር አገልግለው የመጡት ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2005 አየርላንድ ውስጥ የተቋቋመው ካማራ የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት፣ ለምሳሌ፣ ከመሥሪያ ቤት የወጡ ማሽኖችን አድሶ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ልኳል። በሆሳዕና ከተማም ሆነ በአንሌሞ ወረዳ መቀመጫ በፎንቆ፣ ጠጋኝ ሽፋኑን ሲከፍት በቅድሚያ የሚጠይቀው የቦርዱን ዘመን ነው፤ ጥንድ ራም መጥቀም አለመጥቀሙ በዚያ ይለያልና።

የዴል ኦፕቲፕሌክስ ጂኤክስ260 እና ጂኤክስ270 ጎን ለጎን ሲቀመጡ መንትያ ይመስላሉ። 260ው 845 ቺፕሴት የያዘ ባለ አንድ ቻናል ስለሆነ፣ ሁለት ራም ቢሰኩበት መጠኑ እንጂ የመስመሩ ስፋት አይጨምርም። 270ው 865 ነውና ጥንድ ሲያገኝ ይሮጣል። ግን የራሱ ጉድ ነበረው፦ ቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች እያበጡ ስላስቸገሩ፣ ዴል እ.ኤ.አ. በ2005 ለእንዲህ ዓይነቱ ጥገና 300 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዝግቧል። ስለዚህ ራም ከማማረጥ በፊት የካፓሲተሮቹን አናት ማየት ይበጃል።

ሆሳዕና ላይ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር ዓለም ዲዲአር 3 ላይ ደርሶ ነበር። ዲዲአር 2 እና ዲዲአር 3 ሁለቱም 240 ፒን ናቸው፤ ሆኖም ከታች ያለው ስንጥቅ ቦታው ስለተለያየ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም። ይህ ለጥንቃቄ የተደረገ ነው፤ ቮልቴጃቸው 1.8 እና 1.5 ነውና። ላፕቶፕ ላይ ግን ስንጥቁ አያድንም፦ ባለ 1.35 ቮልቱ ዲዲአር 3ኤል ከተራው ዲዲአር 3 ጋር በቅርጽ አንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጡት የኢንቴል ሃስዌል ላፕቶፖች ግን የሚፈልጉት ዝቅተኛውን ነው።

ደብዳቤ ለሚተይብና ፎቶኮፒ ለሚያነሳ ቤት ቻናል ከመቁጠር 2 ጊጋውን 4 ማድረግ ይሻላል። ግራፊክስ ካርድ የሌለው ማሽን የሰርግ ቪዲዮ ሲያቀናብር ነው ጥንዱ የሚታወቀው፤ የስክሪኑም ሥራ ከዚያው ራም ይበላልና።