«ገንዘቡ የት ገባ?» የግብፅ እንደራሴዎች ጥያቄና የግማሽ በጀት ታሪክ

አንድ የሕዝብ ተመራጭ ከመቀመጫው ተነስቶ «ይህ ገንዘብ ለምን ሥራ ዋለ? ሐኪም ቤቱ ለምን አልተሠራም? ደመወዝ ለምን ዘገየ?» ብሎ ሚኒስትር ሲጠይቅ ብዙዎቻችን እንሰለቻለን። ቁጥር ነው፣ ሪፖርት ነው ብለን እናልፈዋለን። ዛሬ የምናቀርብላችሁ ታሪክ ግን ስለዚሁ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን የመጠየቅ መብት እንዲከበርላቸው የታገሉ ሰዎች ነበሩ። መንግሥት ተለዋወጠባቸው፣ የባዕድ መርከቦችም መድፋቸውን ወደ ከተማቸው አዞሩ።

አገሩ ግብፅ ነው፤ ዘመኑ ከ1863 እስከ 1882 ያለው (ለይተን ካልጠቀስን በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩ የሩቅ ቢመስልም አንዱ ክር በአውሳ፣ በሐረር፣ በጉንደትና በጉራዕ በኩል አልፎ ይመጣል። እስቲ ከሥሩ እንጀምር።

የጥጥ ገንዘብና የብድር ወረቀት

ኢስማዒል ፓሻ ግብፅን መግዛት የጀመረው በ1863 ነው። ዕድል ቀንታው ነበር። አሜሪካ በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ስለነበረች የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ጥጥ አጥተዋል፤ የግብፅ ጥጥ ዋጋም ሰማይ ነካ። በዚያ ገንዘብ የመስኖ ቦዮች ተቆፈሩ፣ የባቡር ሐዲድና የቴሌግራፍ መስመር ተዘረጋ፣ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፣ የካይሮ አዳዲስ ሰፈሮች ተሠሩ። በ1869 የስዊዝ ቦይ በታላቅ ድግስ ተመረቀ። ሐቁን ለመናገር የወጣው ሁሉ ባክኗል ማለት አይቻልም፤ ቦዩም ሐዲዱም ለአገር የሚጠቅም ነበር።

ችግሩ የመጣው የአሜሪካው ጦርነት በ1865 አብቅቶ የጥጥ ዋጋ ሲወርድ ነው። ገቢው ቀነሰ፣ ወጪው ግን አልቀነሰም። ክፍተቱ ከለንደንና ከፓሪስ በመጣ ብድር ተሸፈነ። አበዳሪዎቹ ኮሚሽናቸውንና ቅናሻቸውን ከፊት ይቆርጡ ስለነበር በወረቀት የተጻፈውና በእጅ የገባው ገንዘብ አይገናኝም ነበር። ለምሳሌ የ1873ቱ ብድር በወረቀት 32 ሚሊዮን ፓውንድ ነው፤ ለግብፅ የደረሳት ግን 20 ሚሊዮን ገደማ ብቻ። ወለዱ የሚታሰበው ግን በ32 ሚሊዮኑ ላይ ነው።

በ1871 መንግሥት ሌላ ዘዴ አመጣ። «ሙቃበላ» በተባለው ሕግ የመሬት ባለቤት የስድስት ዓመት ግብር በቅድሚያ ከከፈለ ከዚያ በኋላ ግማሽ ግብር ለዘላለም ይቀርለታል። የነገን ገቢ ዛሬ መብላት ማለት ይህ ነው። በ1875 ኢስማዒል 176,602 የስዊዝ ቦይ አክሲዮኖችን ለእንግሊዝ መንግሥት በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሸጠ። በሚቀጥለው ዓመት ግብፅ ዕዳዋን መክፈል አቃታት። በግንቦት 1876 ዕዳዋ ሁሉ ተጠቃሎ 91 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነ፤ የአበዳሪዎች ተወካዮች የሚቀመጡበት የዕዳ ካዝናም ካይሮ ላይ ተቋቋመ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሚጠይቅ አልነበረም ወይ? ኢስማዒል ራሱ በ1866 ያቋቋመው የእንደራሴዎች ምክር ቤት ነበር። 75 አባላት ነበሩት፤ የመንደር ሹማምንትና ባላባቶች ይመርጧቸዋል፤ በዓመት ሁለት ወር ይሰበሰባሉ። ስለ ቦይ፣ ስለ ድልድይ፣ ስለ ግብር አሰባሰብ ይመክሩ ነበር። ብድር የመፍቀድም ሆነ የመከልከል ሥልጣን ግን አልነበራቸውም። ምክራቸውን ኢስማዒል ከወደደው ይቀበላል፣ ካልወደደው ይተወዋል።

በእኛ ምድር የተደረገ ጦርነት

ኢስማዒል ግዛቱን ወደ ደቡብ ማስፋትም ይፈልግ ነበር። በጥቅምት 1875 ጦሩ በራዑፍ ፓሻ መሪነት ሐረርን ያዘ፤ አሚር ሙሐመድ ተገደሉ፤ ከተማዋም እስከ 1885 በግብፅ እጅ ቆየች። በኅዳር ወር ሙንዚንገር የተባለው ስዊዘርላንዳዊ የግብፅ ሹም ወደ አውሳ ሲዘልቅ የዐፋር ተዋጊዎች ገደሉት። በዚያው ወር ዋናው ጦር ጉንደት ላይ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ተደመሰሰ። በመጋቢት 1876 ሌላ ትልቅ ጦር መጥቶ ጉራዕ ላይ ዳግም ተሸነፈ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በሐረርና በአውሳ ወራሪውም ተወራሪውም ሙስሊም ነበር። የዘመቻው ዓላማ ግዛት ማስፋት ነው፤ ወጪውን የሸፈነው ደግሞ የአባይ ዳር ገበሬ ግብርና የአውሮፓ ብድር ነው። ያንን ገበሬ ስለ ጦርነቱ የጠየቀው የለም፤ የመረጡት ሹማምንት የላኳቸው እንደራሴዎችም «ለምን?» የሚሉበት መድረክ አልነበራቸውም። የገንዘብ ቀውሱ ከዘመቻው በፊት የጀመረ ቢሆንም ሽንፈቱ በባዶ ካዝና ላይ ተጨማሪ ሸክም ሆነ።

በዚያ ዘመቻ ምጽዋ ላይ በስንቅና ማጓጓዣ ክፍል ያገለገለ አንድ መኮንን ነበር። የሸርቂያ አውራጃ የመንደር ሼኽ ልጅ ነው፤ ስሙ ዐህመድ ዑራቢ። በዘመቻው አመራር ተቆጥቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ስሙን ያዙት፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

«አንሄድም» ያሉበት ቀን

በ1877 አባይ በቂ ውኃ ሳይሞላ ቀረ፤ በ1878 በላይኛው ግብፅ ረሃብ ገባ። ይሁን እንጂ የዚያ ዓመት የግንቦት ወር የዕዳ ክፍያ በሰዓቱ እንዲከፈል ግብር ያለ ርኅራኄ ተሰበሰበ። ሠራተኛውና ወታደሩ ደመወዝ ሳያገኙ ወራት ያልፉ ነበር። በነሐሴ 1878 ኢስማዒል ሳይወድ አዲስ ካቢኔ ተቀበለ፤ የገንዘብ ሚኒስትሩ እንግሊዛዊ፣ የሥራ ሚኒስትሩ ፈረንሳዊ ሆኑ። ይህ ካቢኔ ወጪ ለመቀነስ ብሎ ወደ 2,500 የሚጠጉ መኮንኖችን በግማሽ ደመወዝ ሊያሰናብት ተነሣ። በየካቲት 18 ቀን 1879 መኮንኖቹ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ኑባር ፓሻንና እንግሊዛዊውን ሚኒስትር መንገድ ላይ ከበቧቸው።

ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት ጥር ወር ተከፍቶ ነበር። የአገሩ ገንዘብ በባዕዳን ሚኒስትሮች እጅ ሲገባ እንደራሴዎቹ የበጀቱ ጉዳይ ለእነርሱ እንዲቀርብ ጠየቁ። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ሪያድ ፓሻ መጋቢት 27 ቀን መጥቶ «ዘመናችሁ አልቋል፣ ወደየቤታችሁ ሂዱ» የሚል ትእዛዝ አነበበ። በሌላ ጊዜ ቢሆን አመስግነው ይበተኑ ነበር። በዚያን ቀን ግን በዐብዱሰላም አል-ሙወይሊሒ መሪነት እምቢ አሉ፤ የገንዘቡ ጉዳይ ሳይቀርብልንና ሥራችንን ሳንጨርስ አንበተንም አሉ።

ከዚያ በኋላ ከባላባቶች፣ ከዑለሞችና ከመኮንኖች ጋር ሆነው «ብሔራዊ ዕቅድ» የተባለ ሰነድ አዘጋጁ። ዕዳችንን ራሳችን ከፍለን እንጨርሳለን፤ መንግሥቱም ለምክር ቤት ተጠያቂ ይሁን የሚል ነበር። ከፈራሚዎቹ መካከል የኮፕቶች ፓትርያርክና የአይሁድ ዋና ረቢ ይገኙበታል። የገንዘብ ጥያቄ ሃይማኖት ሳይለይ ሁሉን አንድ ጠረጴዛ ላይ አሰባሰበ ማለት ነው።

ኢስማዒልም ዕድሉን ተጠቅሞ የአውሮፓ ሚኒስትሮቹን አሰናበተ። አበዳሪዎቹ መንግሥታት ግን ዝም አላሉም። በግፊታቸው ሱልጣን ዐብዱልሐሚድ በሰኔ 26 ቀን 1879 ኢስማዒልን ሻሩት፤ ልጁ ተውፊቅ ተተካ፤ ምክር ቤቱም ሳይጠራ ቀረ።

የግማሽ በጀት ክርክር

በ1880 በወጣው የዕዳ ማጣሪያ ሕግ የግብፅ ገቢ ለሁለት ተከፈለ። ግማሽ ያህሉ በቀጥታ ለዕዳ ይሄዳል። በቀረው ግማሽ ደመወዝ፣ ጦር፣ ትምህርት ቤት፣ ቦይና ሌላው የመንግሥት ሥራ ሁሉ ይሸፈናል። በዚህ ላይ የሙቃበላው ሕግ ተሰረዘ፤ ግብራቸውን አስቀድመው የከፈሉ ሰዎች የተገባላቸው ቃል ታጠፈ።

በመስከረም 9 ቀን 1881 ያ የምጽዋው መኮንን፣ ዐህመድ ዑራቢ፣ ወታደሮቹን ይዞ በዐብዲን ቤተ መንግሥት አደባባይ ቆመ። ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ ምክር ቤቱ እንዲጠራ ነው። ተውፊቅ እሺ አለ፤ በታኅሣሥ መጨረሻ እንደራሴዎቹ ተሰበሰቡ።

ጥያቄያቸው ሲታይ ትንሽ ነበር። «ለዕዳ የተመደበውን ግማሽ አንነካም፤ ስምምነት ነው። የቀረውን ግማሽ ግን እንየው፣ እንመርምረው፣ ድምፅ እንስጥበት» አሉ። ሁለቱ የእንግሊዝና የፈረንሳይ የገንዘብ ተቆጣጣሪዎች ግን አልተስማሙም። በዚያ ግማሽ ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተቀጠሩ የብዙ አውሮፓውያን ወፍራም ደመወዝ አለ፤ ምክር ቤቱ በጀቱን ከመረመረ ያንንም መመርመሩ አይቀርም። በጥር 8 ቀን 1882 ሁለቱ መንግሥታት ተውፊቅን እንደሚደግፉ የሚገልጽ የጋራ ማስታወሻ ላኩ። ግብፃውያን እንደ ዛቻ ወሰዱት፤ ልዝብ የነበሩት እንደራሴዎች እንኳ ከሩ።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሸሪፍ ፓሻ የሕገ መንግሥት ደጋፊ ቢሆኑም በጀቱን ለጊዜው እንለፈው የሚል አቋም ነበራቸው። ምክር ቤቱ እምቢ ሲል ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በየካቲት 7 ቀን 1882 አዲስ ሕግ ጸደቀ። እንደራሴዎች ሚኒስትርን ጠርተው የመጠየቅ፣ ለዕዳና ለሱልጣኑ ግብር ባልተመደበው በጀት ላይም ድምፅ የመስጠት መብት አገኙ።

መብቱን ለአንድ ሙሉ ዓመት እንኳ አልሠሩበትም። በሐምሌ 11 የእንግሊዝ መርከቦች እስክንድርያን ደበደቡ። በመስከረም 13 ዑራቢ ተል አል-ከቢር ላይ ተሸንፎ ወደ ሲሎን ተጋዘ። ለወረራው ብዙ ምክንያቶች ነበሩ፤ የስዊዝ ቦይ፣ የኃያላኑ ፉክክር፣ በሰኔ ወር እስክንድርያ ላይ የተነሣው ሁከት። የበጀቱ ክርክር ግን ከመጀመሪያዎቹ እሳቶች አንዱ ነበር። በ1883 እንግሊዞች ያቆሙት ምክር ቤት በጀት ቀርቦለት አስተያየት ይሰጣል እንጂ የመወሰን መብት አልነበረውም። የመጨረሻው የእንግሊዝ ወታደር ግብፅን ለቅቆ የወጣው በ1956 ነው።

ከዚህ ምን እንይዛለን?

እንደራሴዎቹን መላእክት አናድርጋቸው። አብዛኞቹ ባለ ሰፊ መሬት ነበሩ፤ ሙቃበላው ያንገበገባቸው የራሳቸው ኪስ ስለተነካ ነው። በአለንጋ እየተገረፈ ግብር የሚከፍለው ገበሬ በመካከላቸው መቀመጫ አልነበረውም። ጦሩ ሲመጣ ከተውፊቅ ጎን የቆሙም አሉ፤ የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ሙሐመድ ሱልጣን ፓሻ አንዱ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው መነሣቱ ብቻ አይበቃም፤ ጠያቂው ስለ ማን እንደሚጠይቅም መታየት አለበት።

ትልቁ ቁም ነገር ግን ጊዜው ነው። ግብፃውያን መጠየቅ የሚገባቸው የ1873ቱ የብድር ወረቀት ከመፈረሙ በፊት፣ ጦሩ ወደ ጉንደት ከመንቀሳቀሱ በፊት ነበር። ያኔ ቢሆን ጥያቄው በገዥና በሕዝብ መካከል ያለ የቤት ጉዳይ ሆኖ ይቀር ነበር። አሥር ዓመት ሲዘገይ ግን አበዳሪው ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ «እንየው» ማለት እንደ አመፅ ተቆጠረ።

የሕዝብ ገንዘብ አማና ነው እንላለን። አማና ደግሞ ሒሳብ አለው፤ ሒሳብም ጠያቂ ይፈልጋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ በአንቀጽ 101 ደግሞ ዋናው ኦዲተር ሪፖርቱን ለዚሁ ምክር ቤት እንዲያቀርብ ያዛል። ሙወይሊሒና ጓደኞቹ «አንሄድም» ያሉት እንዲህ ያለ አንቀጽ በወረቀት ለማስፈር ነበር።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ተመራጭ ስለ ጤና ጣቢያ መድኃኒት፣ ስለ ትምህርት ቤት ወንበር፣ ተጀምሮ ስለቆመ መንገድ ሲጠይቅ ስንሰማ ቻናሉን አንቀይር። መልሱን እስከ መጨረሻው እንስማ፤ ቁጥሩን እንጻፍ፤ ካልተመለሰ የመረጥነውን ሰው እንደገና እንዲጠይቅ እናሳስብ። በዕድራችንም፣ በማኅበራችንም፣ በመስጂድ ኮሚቴያችንም ይህንኑ እንልመድ። ጥያቄ የሚረክሰው ገንዘቡ ገና ካዝና ውስጥ ሳለ ነው፤ ከወጣ በኋላ ዋጋው እየናረ ይሄዳል።