የድሃ እህል ያልነው ዳጉሳ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው እ.ኤ.አ. በ1770 ነው። የመጣው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ቢሆንም ዓይኑ ከገበታም አልራቀም። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ጤፍ ሲተርክ አንድ ጥቁር እህልም ያነሳል፤ ስሙን ጆሮው በያዘለት መጠን «ቶኩሶ» ብሎ ጽፎታል። ዳጉሳችን ነው። እንጀራው የዝቅተኛው ሰው እንጀራ እንደሆነ፣ ለመጠጥ ግን የሚመረጥ እህል እንደሆነ ብሩስ ልብ ብሏል።

ከዚያ ወዲህ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አለፈ። ነገሥታት ተሾሙ፣ ተሻሩ፤ በዳጉሳ ላይ የተበየነው ፍርድ ግን አልተሻረም። ጠላው ሲጠመቅ፣ አረቄው ሲወጣ «የዳጉሳ ነው» ማለት ሙገሳ ነው። ስለ እንጀራው ሲነሳ ግን ድምፅ ዝቅ ይላል፤ እንግዳ ሲመጣ ነጭ ጤፍ ይፈለጋል። ይህ ጽሑፍ በዚያ ፍርድ ላይ የቀረበ ይግባኝ ነው።

በመጀመሪያ፣ ዳጉሳ ባለአገር ነው። የዱር ዘመዱ ዛሬም በምሥራቅ አፍሪካ ይበቅላል፤ ተመራማሪዎችም ይህ እህል ከዱር ወደ እርሻ የገባው ከኢትዮጵያ እስከ ዩጋንዳ በሚዘልቀው ከፍተኛ ምድር እንደሆነ ይስማማሉ። ራሱ እንደ ሰው እጅ ጣቶች ተከፋፍሎ ሲያፈራ ላየው ሰው ከሌላ እህል ጋር አይምታታም። ሳይንሳዊ ስሙ «ኤሉሲን» የተወሰደው የጥንት ግሪኮች የእህል አምላካቸውን ዲሚተርን ከሚያመልኩባት ከኤሉሲስ ከተማ ነው። እኛ ዝቅ ያደረግነውን እህል ስም አውጪዎቹ ከእህል አምላክ ደጅ አስቀምጠውታል።

ከዚህ ምድር የተነሳው ዳጉሳ በጥንት ዘመን ባሕር ተሻግሮ ሕንድ ገባ። በደቡቡ የካርናታካ ግዛት «ራጊ» ተብሎ የገበሬው ዋና ምግብ ሆነ። ዱቄቱ በፈላ ውኃ ይገነፋል፤ እንደ ኳስ ተድቦልቡሎም ከወጥ ጋር ይበላል። የእኛን ገንፎ የሚያውቅ ሰው ባዕድነት አይሰማውም። ንቀቱ ግን እዚያም ተከትሎት ሄዷል፤ ሩዝ የባለጸጋ፣ ራጊ የድሃ ተባለ።

በ16ኛው መቶ ዘመን ከእረኞች ወገን የተወለደው ባለቅኔ ካናካዳሳ ይህን ንቀት በግጥም ሞገተው። «ራማዳንያ ቻሪቴ» በተባለው ድርሰቱ ሩዝና ራጊ «እኔ እበልጥ፣ እኔ እበልጥ» ተባብለው የሂንዱዎች አምላክ በሆነው በራማ ፊት ይቀርባሉ። ራማ ሁለቱንም ለስድስት ወር እስር ቤት ያስገባቸዋል። ጊዜው ሲደርስ ሩዙ ጠውልጎ ወጣ፤ ራጊው እንደገባ ወጣ። ፍርዱም ለራጊ ሆነ። ባለቅኔው የተናገረው ስለ እህል ብቻ አልነበረም፤ በዝቅተኛ ዘር ስለተፈረጀው ሰውም ነበር። ለክርክሩ የመረጠው ማስረጃ ግን ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው እውነት ነው፤ በደንብ የደረቀ ዳጉሳ ነቀዝ አይደፍረውም፤ በጎተራ ዓመታት ይቆያል። ዝናብ በሚቀርበት አገር ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

ሕንዶች በግጥም ብቻ አላቆሙም። በካርናታካዋ ማንድያ የሠራው የዘር አዳቃይ ላክሽማናያ የአገሩን ራጊ ከአፍሪካ ከመጣ ዳጉሳ ጋር አዳቀለ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የወጡት ዝርያዎች «ኢንዳፍ» ተባሉ፤ «ኢንዶ» እና «አፍሪካ» ተጋጥመው የተሠራ ስም ነው። ምርቱን እጅግ ከፍ ያደረጉት እነዚህ ናቸው። በስተኋላም ሕንድ ባቀረበችው ሐሳብ፣ ከ70 የሚበልጡ አገሮች ድጋፍ ሰጥተውት፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. 2023ን ዳጉሳን የመሳሰሉ ደቃቅ እህሎች ዓለም አቀፍ ዓመት አድርጎ ሰየመው። ዳጉሳ ብቻ ሳይሆን ማሽላና ጤፍም የዚህ ቤተሰብ አባል ሆነው ተቆጥረዋል።

ይግባኙን የሚደግፈው ሁለተኛው ማስረጃ ከገበታው ይገኛል። በ100 ግራም ዳጉሳ ውስጥ 350 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም አለ፤ በዚያው መጠን የላም ወተት ውስጥ ያለው 120 ገደማ ነው። እርግጥ እህሉ የያዘው ሁሉ ወደ ደም አይገባም፤ ፋይቴት የተባለው ንጥረ ነገር ማዕድኑን አስሮ ይይዛል። መፍትሔው ግን በእናቶቻችን እጅ ኖሯል። ሊጥ በእርሾ ሲቦካ፣ እህሉም ርሶ ሲበቅል ይህ እስር ይላላል። ብቅል የምናውቀው ለጠላ ነው፤ ከዳጉሳ ብቅል የሚፈጨው ዱቄት ግን ለሕፃን አጥሚትም ይሆናል። ብሩስ የጠላውን ሙያ ሲያነሳ፣ ልጅን የሚያሳድግ ሙያም በዚያው ጋን አጠገብ ነበር።

ሦስተኛው ማስረጃ ከማሳ ነው። በ2010 ዓ.ም. መኸር በኢትዮጵያ በዳጉሳ የተሸፈነው መሬት ከ450 ሺህ ሄክታር በላይ ነበር፤ ምርቱም ከ10 ሚሊዮን ኩንታል አልፏል። ጎጃም፣ ጎንደር፣ ትግራይና ወለጋ ዋና አገሮቹ ናቸው። ለም ባልሆነ መሬት፣ ያለ ብዙ ማዳበሪያ ይበቅላል፤ አጭር ድርቅንም ይችላል። ገበሬው ግን በነፃ አያገኘውም። ቡቃያው ከአረሙ ጋር ስለሚመሳሰል አራሚው ጎንበስ ብሎ በእጅ ይለየዋል፤ ውቂያውም ያደክማል። ብላስት የተባለው በሽታ አንገቱን ሲይዘው ራሱ ፍሬ ሳይቋጥር ይቀራል። «ታደሰ»፣ «ፓዴት» እና «ቦነያ» የተባሉ የተሻሻሉ ዝርያዎች በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከአገራችን ምርምር ጣቢያዎች ወጥተዋል። አራሽና አራሚ የሚጠብቁት ግን ከዝርያ በላይ ነው፤ ዘሩ በሰኔ ደጃቸው እንዲደርስ፣ መውቂያ ማሽን በቀበሌያቸው እንዲኖር፣ የተማሪ ምግብ የሚያቀርቡ ሰዎችም የዳጉሳን ገንፎና ዳቦ እንዲያዙላቸው። ገዢ ያለው እህል ክብሩን ራሱ ያስመልሳል።

ለይግባኙ አንድ ምስክር ቀርቷል፤ እሱም በየቤታችን ቆሟል። መሶብ ከስንደዶና ከአክርማ ይሰፋል። አክርማ ደግሞ የዳጉሳ የቅርብ ዘመድ ነው፤ የእጽዋት ሊቃውንት ሁለቱንም ኤሉሲን ብለው በአንድ ስም ይጠሯቸዋል። ለሠርግ የሚሰፋው፣ በእንግዳ ፊት የሚከፈተው፣ ለሙሽራ የሚሰጠው መሶብ የዚህ እህል ወገን ነው። መሶቡን ከቤታችን የክብር ቦታ ስናስቀምጥ ኖረናል። ቀጥሎ እንግዳ ሲመጣ ክዳኑን እናንሳና ከውስጡ የዳጉሳ እንጀራ እናቅርብ።