የሲንጀር ዕድሜ፦ ከመኪና ግርግር እስከ ሰበታ በረንዳ

ሐረር ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወርድ ጠባብ መንገድ አለ። ልብስ ሰፊዎች በግራና በቀኝ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይሰፋሉ። መንገዱ መኪና ግርግር ይባላል፤ ስሙን ያወጡለት እነዚሁ የስፌት መኪናዎች በድምፃቸው ናቸው። ለስፌት መኪና ሐውልት ማቆም ቢያስፈልግ ይህ ጎዳና ይበቃዋል ባይ ነኝ። ሐረር ከኤደንና ከዘይላ የሚመጣው ዕቃ የሚራገፍባት የንግድ ከተማ ስለነበረች የባሕር ማዶው ጨርቅም ክርም በእሷ በኩል ያልፍ ነበር። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ሚዛኑ ተለወጠ። እንደ ስፌት መኪና ያለ፣ በግመልና በበቅሎ ጀርባ ማጓጓዙ የሚያስቸግር ከባድ ብረት በፉርጎ ተጭኖ ሸዋ መግባት ቻለ።

ከመኪናው የቀደመው ግን ጨርቁ ነው። የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1903 ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም አገሩ እዚህ ከምትሸጠው ዕቃ ዋናው አቡጀዲ ነበር። ሸማ ከሸማኔው እጅ ከወጣ በኋላ መቀስ እምብዛም አይነካውም። ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ ጠርዝ ለጠርዝ ይያያዝና ይለበሳል። አቡጀዲና ካኪ ግን ካልተቆረጡና ካልተሰፉ ልብስ አይሆኑም። እጀ ጠባቡ፣ ሱሪው፣ ኮቱ፣ የወታደሩ ልብስ ሁሉ ሰፊ ይፈልጋል።

ሰፊው ደግሞ ወንድ ነበር። በደጋው አገር የቆየው ልማድ ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል፣ መርፌና ክር ይዞ የሚሰፋውም ወንዱ ነው። የሴቷ ስፌት ሰፌድና ሞሰብ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን የጎበኙ አውሮፓውያን ልብስ ማጠብና መስፋት የወንድ ሥራ ሆኖ ቢያገኙት ገርሟቸው ጽፈዋል። ስለዚህ መኪናው ሲመጣ ፊቱ የተቀመጡት ወንዶች መሆናቸው የሚጠበቅ ነው። ሴቶች የደረሱበት በትምህርት ቤት በኩል ነው። እቴጌ መነን ትምህርት ቤት በ1924 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በኋላም በየትምህርት ቤቱ ለልጃገረዶች የእጅ ሥራና የባልትና ትምህርት ተስፋፋ። በጣልያን ወረራ ጊዜ በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የተቋቋመው የሴቶች ማኅበር ለግንባሩ ፋሻና ልብስ ሲያዘጋጅ ነበር። ለዘመናት የወንድ የነበረ ሙያ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የሴትም መሆኑ በታሪካችን ብዙም ያልተነገረለት ለውጥ ነው። ዛሬ በየከተማው ዳር መኪና ገዝታ ልጆቿን የምታሳድገውን እናት ያፈራት ይህ ለውጥ ነው።

መኪናው ራሱ በሰላም አልተወለደም። ፈረንሳዊው ቲሞኒዬ እ.ኤ.አ. በ1830 የፈጠራ መብት ሲያገኝ የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች እንጀራችንን ሊቀማን ነው ብለው መኪናዎቹን ሰባበሩበት። ከዚያ ኤልያስ ሃው በ1846፣ አይዛክ ሲንጀር በ1851 በአሜሪካ የየራሳቸውን መብት አስመዘገቡ። የሲንጀርን ስም ከሁሉም በላይ ያገነነው ብረቱ ብቻ አይደለም፤ ኩባንያው ከ1856 ጀምሮ ድሃ ቤተሰብ በየወሩ እየከፈለ እንዲወስድ መፍቀዱም ጭምር ነው። በስኮትላንድ ክላይድባንክ እ.ኤ.አ. በ1885 የተከፈተው ፋብሪካው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ መኪና እስከ ማምረት ደርሶ ነበር። በ1980 ተዘጋ። ዘመናዊ ማሽንን አጥብቆ ይነቅፍ የነበረው ማኅተመ ጋንዲ እንኳ ሲንጀርን ከነቀፋው ነጥሎ አውጥቶታል፤ የሰውን ድካም ለማቅለል የተሠራ ነውና።

ከእነዚህ መኪናዎች መካከል በእጅ የሚዞረው ተንቀሳቃሽ ዓይነት ከባድ የእግር መርገጫና ጠረጴዛ የለውም። መዘውሩ ላይ የተገጠመ የእጅ መዞሪያ፣ ከእንጨት የተሠራ መክደኛና ከላይ መያዣ እጀታ አለው። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1933 ሲንጀር በቺካጎ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ያወጣው ባለ አሉሚኒየሙ ሞዴል 221 ከ5 ኪሎ ብዙም አይበልጥም፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ዛሬም ብጣሽ ጨርቅ እያጋጠሙ ድርብ ብርድ ልብስ የሚሰፉ አሜሪካውያን ሴቶች ይህን አሮጌ መኪና ከአዲሱ አስበልጠው ይፈልጉታል። እኛ ዘንድ የበዛው በእጅ የሚዞረውና በእግር የሚረገጠው ብረት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓኖችና ቻይናውያን የሲንጀርን ሞዴል 15 ቀድተው አባዙት። ለሞዴል 15 የሚሆነው ቦቢን ቢራቢሮ ለሚባለው የቻይና መኪናም ይሆናል፤ አሮጌው ሲንጀር ዕድሜው የረዘመበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ከተሞቹ እንምጣ። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ አዲስ አበባን ከበው የኖሩ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ሸገር ከተማ ተብለው ተጠቃለዋል። ሦስቱም ከስፌት ጋር የሚያገናኛቸው የየራሳቸው ነገር አላቸው።

ሰበታና አጎራባቿ ዓለም ገና ትልቁን የስፌት ኢንዱስትሪ አይተዋል። የቱርኩ አይካ አዲስ ፋብሪካ በ2002 ዓ.ም. ተመርቆ ለጀርመን ገበያ ሲሠራ ቆይቶ በኋላ በዕዳ ምክንያት በልማት ባንክ እጅ ገብቷል። በእንዲህ ያለ ፋብሪካ አንዷ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ እጅጌ ብቻ፣ ሌላዋ አንገት ብቻ ትሰፋለች። ፍጥነቱን ትማራለች፣ ሙሉ ልብስ መስፋትን ግን አትማርም። ፋብሪካው ሲዳከም ይዛው የምትወጣው የግማሽ ሙያ ይሆናል። በረንዳ ላይ አሮጌ መኪና ይዞ የተቀመጠው ሰፊ ግን ከልኬት እስከ ቁልፍ ቀዳዳ ሁሉን ያውቃል። ሰልባጅ ገበያውን ከነጠቀው ቆይቷል፤ ቢሆንም የሰልባጁን ሱሪ ማሳጠር፣ ወገቡን ማጥበብ፣ ዚፑን መቀየር ለእሱ ሥራ ሆኖለታል። መብራት ሲጠፋም እጁና እግሩ አይቆሙም።

ቡራዩ ከጋሞ የመጡ ሸማኔዎች የሠፈሩባት ናት። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በደረሰው ጥቃት ብዙ የጋሞ ተወላጆች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ሸማኔ ቤቱን ሲለቅ የሚሸምንበትን ጉድጓድ ነቅሎ አይሄድም። በእጅ የሚዞር መኪና ግን እጀታ አለው፤ ያለው ሰው አንጠልጥሎት በደረሰበት ሠፈር ሥራ ይጀምርበታል። ተንቀሳቃሹን ዓይነት አጥብቄ የምወድበት ምክንያት ይህ ነው።

ሱሉልታ ደግሞ ብርዷ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ያለው ያ ሜዳ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥልበታል። እዚያ ጋቢና ብርድ ልብስ ቅንጦት አይደለም። የድርብ ስፌት ነገር የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው።

ብጣሽ ከብጣሽ አጋጥሞ፣ ደራርቦ መስፋት ለእኛ አዲስ አይደለም። ድሪቶ የምንለው ያው ነው። መናኝና ምስኪን የሚለብሰው፣ ድሃ ቤት የሚነጠፈው ድሪቶ ስሙ ከችግር ጋር ተጣብቆ ቀረ እንጂ አሠራሩ ውጭ አገር በክብር በየሙዚየሙ ከሚሰቀለው አይለይም። በአላባማ የጂስ ቤንድ ጥቁር ሴቶች ከአሮጌ የሥራ ልብስ የሰፉት ድርብ ዛሬ እንደ ሥዕል ይታያል። የእኛም ሰፊ በቀን የሚጥለው እራፊ ብዙ ነው፤ የዩኒፎርም ቁራጭ፣ የመጋረጃ ጫፍ፣ የአበሻ ቀሚስ ትርፍ ጥለት። ከላይ እራፊውን አጋጥሞ፣ መሐሉን ባዘቶ ወይም ያረጀ ጋቢ አድርጎ፣ ከታች አቡጀዲ ገብሮ ሦስቱን አብሮ መስፋት ነው። ለሱሉልታ ሌሊት ከዚህ የረከሰም የሞቀም ልብስ አይገኝም።

አሮጌው መኪና ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ብረቱ አይንቀጠቀጥም፣ መዘውሩን በእጅ እያዞሩ በወፍራም ድርብ ላይ ስፌት በስፌት መሄድ ይቻላል። ግን ጤነኛ መሆን አለበት። ለዓመታት ቆሞ የኖረ መኪና ሲደርቅ ብዙ ሰው ተበላሸ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ የያዘው የደረቀ ዘይት ነው፤ የምግብ ዘይት ወይም የሞተር ዘይት የተቀባ ከሆነ ደግሞ እንደ ሙጫ ይይዘዋል። በየዘይት ቀዳዳውና ብረት ከብረት በሚነካካበት ሁሉ ላምባ አንጠባጥቦ ማሳደር፣ በማግሥቱ መዘውሩን ሳያስገድዱ ወደፊትና ወደኋላ እያወዛወዙ መፍታት፣ ከዚያ በጨርቅ ጠርጎ ቀጭኑን የስፌት መኪና ዘይት መስጠት ነው። ላምባው ራሱ ማለስለሻ አይደለም፤ ዘይት ሳይከተለው ከተተወ ብረቱን ያስበላዋል።

ቀጥሎ ካቻቢቴ ይዞ በመርፌው ሥር ያለችውን የብረት ሳህን መፍታት ያስፈልጋል። ጨርቁን በሚስበው ጥርስ መካከል ተጠቅጥቆ የጠነከረ ብናኝ ይገኛል። እሱ ሲወጣ ጨርቅ አልስብ ያለው መኪና መሳብ ይጀምራል። መርፌው ከጎበጠ ወይም ጫፉ ከዶለዶመ ስፌት ይዘላል፤ በተቃራኒ ጎኑ ከገባም እንደዚያው። የላይና የታች ክር የሚቆላለፉት በጨርቁ መሐል መሆን አለበት። ቋጠሮው ከታች በኩል ከታየ የላዩ ክር ላልቷል፣ ከላይ ከታየ ጠብቋል ማለት ነው። ለድርብ ሥራ ደግሞ ወፍራም መርፌ፣ ረዘም ያለ ስፌት፣ ጨርቁን በሚጫነው የብረት እግር ላይም ላላ ያለ ጫና ይሻላል። ብጣሽ ላይ ሳይሞክሩ ዋናውን ሥራ መጀመር አይገባም።

ይህን የሚያውቁ ጠጋኞች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን በዕድሜ የገፉ ናቸው፣ ሙያውንም የሚወርሳቸው ወጣት እያነሰ ነው። በሸገር ያሉ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ስፌት ሲያስተምሩ ጥገናውንም አብረው ያስተምሩ፤ እነዚህን ሰዎችም አስተማሪ አድርገው ይጥሩ። አንባቢዬ ሆይ፣ የእናትህ ወይም የአያትሽ መኪና አልጋ ሥር አቧራ ለብሶ ከተቀመጠ ለቁራሌው በኪሎ አትሽጡት። አውጡት፣ ዘይት ስጡት፣ መዘውሩ እምቢ ካለም ወደ ጠጋኝ ውሰዱት። ራሳችሁ የማትሰፉበት ከሆነ መስፋት ለምትችል ጎረቤት ስጧት።