ሄልሜት ለሌለው ጭንቅላት ያልተሠራ ብረት

እ.ኤ.አ. ሜይ 30 ቀን 1958 የኢንዲያናፖሊስ 500 ማይል ውድድር የመጀመሪያውን ዙር እንኳ ሳይጨርስ 15 መኪኖች እርስ በእርስ ተላተሙ። የ29 ዓመቱ ፓት ኦኮነር ከፊቱ በነበረው መኪና ላይ ወጥቶ ተገለበጠ። መኪናው በጀርባው ወድቆ በእሳት ተያያዘ። ሐኪሞቹ ግን ሰውየውን የገደለው እሳቱ አይመስለንም አሉ፤ የራስ ቅሉ ተሰብሮ ወዲያውኑ ሕይወቱ ሳታልፍ አልቀረችም ነው ያሉት።

በዚያ ዘመን የኢንዲያናፖሊስ ሹፌር ከትከሻው በላይ ከመኪናው ውጭ ነበር። መኪና ሲገለበጥ ቀድሞ መሬት የሚነካው የሰው ጭንቅላት ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1959፣ ውድድሩን ያስተዳድር የነበረው ዩኤስኤሲ ከሹፌሩ ራስ በስተኋላ የሚቆም የብረት ቅስት ግዴታ አደረገ። በ1961 ፎርሙላ ዋንም ይህንኑ በደንቡ አስገባ። ሮል ባር የሚባለው ነገር የውድድር ሕግ የሆነው እንዲህ ነው፤ በደም።

ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። የታጠፈ ወፍራም ቱቦ ነው፤ ሁለት እግሩ ከወለሉ ጋር ይበየዳል ወይም በብሎን ይታሰራል፣ ወደ ኋላ የሚደግፉት ሁለት ቱቦዎች ይጨመሩለታል። መኪናው ሲገለበጥ ክብደቱን ይሸከማል፣ ለሹፌሩም ጭንቅላት የሚተርፍ ክፍተት ያስቀራል። ልብ በሉ ግን፤ ይህ ብረት ብቻውን አልተወለደም። ከሱ ጋር ሄልሜት አለ፣ ትከሻን አጥብቆ የሚይዝ ቀበቶ አለ፣ ወደ ኋላ የማይታጠፍ ወንበር አለ። አራቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ሰው ያድናሉ። ከአራቱ ሦስቱ ቤት ቀርተው ብረቱ ብቻውን አስፋልት ላይ ሲወጣ ግን ታሪኩ ይለወጣል።

ወደ ጎዳና የወጣው ደግሞ በሁለት መንገድ ነው። አንዱ የፋብሪካዎቹ መንገድ ነው።

በ1960ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የመኪና ደህንነት የፖለቲካ ጉዳይ ሆነ። ራልፍ ኔደር መጽሐፉን በ1965 አወጣ፤ በ1966 ኮንግረሱ የመኪና ደህንነት ሕግ አጸደቀ። ጣሪያቸው የሚከፈት መኪኖች ሊታገዱ ነው የሚለው ወሬ አውሮፓ ድረስ ደረሰ። ፖርሸ ትልቁ ገበያው አሜሪካ ስለነበር አልጠበቀም። በሴፕቴምበር 1965 በፍራንክፈርት የመኪና ትርኢት ላይ 911 ታርጋን አቀረበ፤ ከወንበሮቹ ጀርባ ሰፊ የብረት ቅስት ያለው፣ ከፊቱ ያለው ጣሪያ የሚነሳ መኪና። ስሙን የወሰደው ፖርሸ ደጋግሞ ካሸነፈበት ከሲሲሊው የታርጋ ፍሎሪዮ ውድድር ነው። (የአዲስ አበባ ሰው ታርጋ ሲባል የሚያስበው የቁጥር ሰሌዳውን ነው። አልተሳሳተም፤ ቃሉ ያው ጣልያንኛ ነው።)

የታርጋ ብልሃት ቅስቱን አለመደበቁ ነው። ሰፊ አደረገው፣ በማይዝግ ብረት ሸፈነው፣ ውበት አደረገው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የመኪናው አካል ሆኖ አብሮ ተነደፈ እንጂ ከኋላ የተሰካ ባዳ አይደለም።

የተፈራው እገዳ በመጨረሻ አልመጣም። አሜሪካ የጣሪያ ጥንካሬ ደንብ ስታወጣ ጣሪያቸው የሚከፈቱትን ከደንቡ ውጭ አደረገቻቸው። ፍርሃቱ ግን በመኪኖቹ ላይ ምልክቱን ትቶ አለፈ። በ1970 የእንግሊዙ ትራያምፍ ስታግ ከወንበሮቹ በላይ ቅስት ይዞ መጣ፤ ከቅስቱ እስከ ፊት መስታወቱ የሚዘልቅ ድልድይም ነበረው፤ ይህኛው የመኪናውን አካል ለማጠንከር ጭምር ነው። በ1979 ቮልስዋገን ጎልፍ ካብሪዮሌት ቅስቱን እንደ ቅርጫት እጀታ አቆመው። ጀርመኖች “የእንጆሪ ቅርጫት” ብለው ቀለዱበት፤ ስሙም እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

ከሁሉም የላቀውን መልስ የሰጠው ግን መርሴዲስ ነው። በ1989 በወጣው ኤስ ኤል ላይ ቅስቱ ከወንበሮቹ ጀርባ ተኝቶ ይጓዛል፤ መኪናው የመገልበጥ አደጋ ሲሰማው በ0.3 ሰከንድ ብድግ ይላል። የዚህ ሥራ ትልቅነት ፍጥነቱ ላይ ብቻ አይደለም። መሐንዲሶቹ አንድ ነገር ገብቷቸዋል፦ ብረቱ በአደጋዋ ቅጽበት ያስፈልጋል፤ በቀሩት ቀናት ሁሉ ግን ከሰው ጭንቅላት አጠገብ ባይኖር ይመረጣል።

ሁለተኛው መንገድ የጋራዡ ነው፤ እዚያ ይህ ነገር የገባው ሰው ጥቂት ነው።

በአሜሪካ የቀጥታ መስመር ፍጥነት ውድድር የሚመራው በ1951 በተመሠረተው ኤንኤችአርኤ ነው። ርቀቱ ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ማኅበር ደንብ ሩብ ማይሉን በ11.49 ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ የሚጨርስ መኪና ሮል ባር ሊኖረው ይገባል፤ ከ10 ሰከንድ በታች ከወረደ ደግሞ ሙሉ የብረት ጎጆ፣ ሮል ኬጅ የሚባለው፣ ይጠየቃል። ቱቦው በተራ ብረት ከሆነ ውፍረቱ ወደ 44 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳው ወደ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ደንቡ ለሜዳው ትክክል ነው። ችግሩ ከሜዳው በር ውጭ ይጀምራል።

አንድ ወጣት ሞተሩን ያሳድጋል፣ ተርቦ ይጨምራል፣ ቅዳሜ ማታ ሜዳ ሲገባ ሰዓቱ 11.3 ይላል። ዳኛው “በሚቀጥለው ባር አስገብተህ ና” ብሎ ይመልሰዋል። ልጁ በያጅ ዘንድ ይሄዳል። ሳምንት ሳይሞላው መኪናው ውስጥ የብረት ቅስት ቆሟል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄልሜቱን አጥልቆ ይነዳል፤ ደህና ነው። ሰኞ ጠዋት ግን በዚያው መኪና ሥራ ይሄዳል። ሄልሜቱ ቁምሳጥን ውስጥ ነው።

መብራት ላይ ቆሞ ሳለ ከኋላ የመጣ መኪና ይገጨዋል እንበል። ተራ አደጋ ነው፤ በየከተማው በየቀኑ የሚደርስ። ከኋላ ሲመታ የሰው አካል ወደ ወንበሩ ይገፋል፤ የፋብሪካ ወንበር ደግሞ ይለጠጣል፣ ጀርባው ወደ ኋላ ይታጠፋል። በተለመደው መኪና ከጭንቅላቱ ኋላ ያለው ባዶ ቦታ ነው። በዚህኛው መኪና ግን 44 ሚሊ ሜትር ብረት እየጠበቀው ነው። ቤቱ በሰላም ሊገባ ይችል የነበረ ሰው በገዛ መከላከያው ጭንቅላቱን ይሰበራል።

ስፖንጅ ጠቅልዬበታለሁ የሚል ብዙ ነው። ለውሃ ቧንቧ መሸፈኛ የሚሸጠው ለስላሳ ስፖንጅ በአውራ ጣት ሲጫኑት ብረቱ ጋ ይደርሳል፤ ጭንቅላትማ እንዴት አይደርስ? በውድድር ደንብ የተፈቀደው ልዩ ማሸጊያ ደግሞ ሆን ተብሎ ጠንካራ ነው፣ ምክንያቱም የተሠራው ሄልሜት እንዲመታው ነው። ከብረቱ በብዙ ይሻላል፤ ባዶ ራስ ግን የታሰበበት ደንበኛው አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር አለ። የአሜሪካ መንግሥት በ1995 ባወጣው ደንብ ፋብሪካዎች የበር ምሰሶዎችንና የጣሪያ ጠርዞችን ከውስጥ በኩል ጭንቅላትን እንዳይጎዱ አድርገው እንዲሠሩ አስገደደ። መሐንዲሶች በላስቲኩ ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ለስላሳ ክፍተት ለማግኘት ዓመታት ለፉ። የመኪና ፍቅር ያለበት ሰው ደግሞ በገዛ ገንዘቡ ያንን ልስላሴ ገንጥሎ ይጥልና በቦታው ቱቦ ይበይዳል። ሙሉ ሮል ኬጅ ሲሆን ቱቦው በፊት መስታወቱ ጠርዝና ከበሩ በላይ ያልፋል፤ የሹፌሩ የግራ ሰረሰር ከብረቱ ጋር ጎረቤት ይሆናል። ከጎን ለሚመጣ ግጭት ይህ ጉርብትና ጥሩ አይደለም።

ቀበቶውም የራሱ ጣጣ አለው። አራት ወይም ስድስት ቦታ ላይ የሚያስረው የውድድር ቀበቶ ሰውን ወንበሩ ላይ ይቸነክራል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ጎንበስ ብሎ ግራ ቀኝ ማየት አይቻልም፤ ስለዚህ ሹፌሩ ያላላዋል። የላላ የውድድር ቀበቶ ደግሞ ከተራው ቀበቶ የባሰ ነው። ሮል ባር ሳይኖር ይህን ቀበቶ ብቻ የሚያስሩ ሰዎች ነገርማ ይለያል፦ ጣሪያው ሲጨፈለቅ ሰውየው ቀጥ ብሎ እንደታሰረ ነው፤ ወደ ጎን የሚሸሽበት መንገድ የለውም። ሁለቱንም ለሚፈልግ ሰው የፋብሪካውን ሦስት ነጥብ ቀበቶ ለጎዳና ማስቀረት፣ የውድድሩን ለሜዳ ማቆየት የሚሻል ነው።

የኋላ ወንበርስ? ፖርሸ በ1999 911 ጂቲ3 ክለብስፖርትን ሲያወጣ ግማሽ የብረት ጎጆ በብሎን አስሮበት ነበር፤ የኋላ ወንበር ግን አልነበረውም። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ከቅስቱ ጀርባ ሰው አይቀመጥም። ጋራዥ ውስጥ የተበየደ ባር ባለበት መኪና ኋላ ልጅ ጭኖ ትምህርት ቤት የሚያደርስ አባት ግን ሞልቷል። መኪናው ከፊት ቢገጭ የልጁ ፊት የሚሄደው ወደ ቅስቱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረው ትንሹ ነገር ነው፤ ትንሽ ይሁን እንጂ የሰው ትዕግሥት የሚያልቀው በሱ ነው። በበሩ ላይ አግድም የሚያልፈውን ቱቦ ተሻግሮ መግባት። ቀሚስ የለበሰች እናትን ወይም ጉልበቱ የሚያመውን አባት በዚያ ማስገባት። ወደ ኋላ የማይዘነበል ወንበር፣ በቅስቱ የተጋረደ ዓይን፣ ከኮረኮንች መንገድ ጋር ሲጢጥ የሚል ብሎን።

ይህ ማለት ግን ባር ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እንደ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ያለው፣ ጣሪያው ጨርቅ የሆነ መኪና ሲገለበጥ ከፊት መስታወቱ ጠርዝ በቀር የሚደግፈው ነገር የለም። እዚያ ከወንበሩ ጀርባ የቆመ አንድ ቅስት ትርጉም አለው። የሜዳ አዘጋጆች የሚያደርጉት ፈተናም ቀላል ነው፦ መጥረጊያ እንጨት ከቅስቱ ጫፍ እስከ ፊት መስታወቱ ጫፍ ያስቀምጣሉ፤ የሹፌሩ ሄልሜት ከእንጨቱ በታች ካልሆነ አይገባም። ቁመተ ረጅሞች እዚህ ይወድቃሉ፤ ቅስቱ ከጨርቁ ጣሪያ ሥር መግባት ስላለበት ከፍ ሊል አይችልም። ወንበሩ ጠንካራ ሆኖ፣ በራስና በቅስት መካከል በቂ ርቀት ኖሮ፣ ማሸጊያውም ደህና ከሆነ ክፍት መኪና ላይ ባር ማስገባት ያስኬዳል። ጣሪያው ብረት በሆነ፣ በየቀኑ ሥራ በሚያመላልስ መኪና ላይ ሙሉ ጎጆ መበየድ ግን ሊደገፍ አይገባም። በአዲስ አበባ ፒክአፖች ጭነት ላይ የሚያብረቀርቀው ቱቦ እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ አብዛኛው ጌጥ ነው፣ ግን ቢያንስ ከጭንቅላት ርቆ ከካቢኑ ውጭ ነው።

ኤንኤችአርኤ ራሱ ውሎ አድሮ ደንቡን አላልቷል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ የተመረተ መኪና፣ የፋብሪካው ኤርባግና ፍሬን ሥርዓት ሳይነካ የሚሠራ ከሆነ፣ እስከ 10.00 ሰከንድ ድረስና በሰዓት እስከ 135 ማይል ፍጥነት ያለ ሮል ባር እንዲወዳደር ፈቅዷል።