የተኛ ኮምፒውተርን ከሩቅ ስለ መቀስቀስ

በሥራ ቦታው ወይም በሌላ ከተማ ተቀምጦ ሳለ፣ በቤቱ ጠረጴዛ ላይ አጥፍቶ የተወውን ኮምፒውተር በአንዲት አጭር መልእክት አስነሥቶ ረስቶት የሄደውን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው፣ ይህን ያህል ሥልጣን ያገኘው ከመልእክቱ ብቻ ይመስለዋል፤ ነገሩን ከሥሩ ለመረመረ ግን፣ ጠሪው ድምፅ ከመሰማቱ አስቀድሞ የሚሰማ ጆሮ መኖር ነበረበት።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. አይ.ቢ.ኤም. ለገበያ ያቀረበው የግል ኮምፒውተር በጎኑ ከወደ ኋላ ወፍራም ቀይ ማብሪያ ነበረው፤ ይህም እንደ ማንኛውም የቤት መብራት ማብሪያ የኤሌክትሪኩን መንገድ ፈጽሞ ይቆርጥ ስለ ነበረ፣ ማሽኑ ባለቤቱ መጥቶ በእጁ እስኪያበራው ድረስ በድን ሆኖ ይቀመጥ ነበር። ይህን ሥርዓት የለወጠው በ1995 ዓ.ም. ኢንቴል ያወጣው ኤ.ቲ.ኤክስ. የተባለው የማዘርቦርድና የፓወር ሰፕላይ ደንብ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የፊቱ ቁልፍ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ መሆኑ ቀርቶ ለማዘርቦርዱ ምልክት የሚሰጥ ብቻ ሆነ፣ ገመዱም ከግድግዳው እስካልተነቀለ ድረስ አንዲት የ5 ቮልት ጅረት በመቅደስ ሌሊቱን ስትበራ እንደምታድር ማኅቶት ሳትቋረጥ በውስጡ ትኖራለች። በእኔ አስተያየት የዚህ ጥበብ ታላቁ እርምጃ ይህ ነው፤ ስሙ ግን እምብዛም ሲነሣ አይሰማም።

በዚያው ዓመት በወርኃ ኖቬምበር ኤ.ኤም.ዲ. ከሂውሌት ፓካርድ ጋር ያዘጋጀውን «ማጂክ ፓኬት» የተሰኘ ዘዴ በጽሑፍ ገለጠ። ሮበርት ሜትካፍና ዴቪድ ቦግስ ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ በካሊፎርኒያ በዜሮክስ ቤተ ምርምር የደከሙበት ኤተርኔት፣ ማሽኖች ሁሉ በአንድ የጋራ መሥመር ላይ የአንዱን ቃል ሌላው እንዲሰማ አድርጎ የተሠራ ነበርና፣ የመቀስቀሻው መልእክትም በዚሁ ጠባይ ተጠቀመ። የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል ሰፈሩን ሁሉ በአንድነት ይቀሰቅሳል፤ ይህ መልእክት ግን ለሁሉ ይሰማ እንጂ የሚያስነሣው በስሙ የተጠራውን ብቻ ነው። አስቀድሞ ሁሉም አኃዛቸው አንድ የሆኑ 6 ባይቶች እንደ መለከት ይሄዳሉ፤ ቀጥሎ እያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው ባለ 48 ቢት መለያ ቁጥር 16 ጊዜ ይደገማል፤ ድምሩም 102 ባይት ነው። እንዲህ መደጋገሙ፣ ዋናው አእምሮ ተኝቶ ሳለ ብቻውን ዘብ የቆመው ካርድ፣ በመሥመሩ የሚያልፈውን ተራ ነገር ከጥሪው ጋር እንዳያደናግር ነው።

በ1997 ዓ.ም. ኢንቴልና አይ.ቢ.ኤም. ሐሳቡን «ዌክ ኦን ላን» በሚል ስም አስፋፉት፤ ፍላጎታቸውም ሠራተኞች ወደየቤታቸው ከገቡ በኋላ የመሥሪያ ቤት ማሽኖችን በሌሊት አስነሥቶ ማደስና መጠገን ነበር። በመጀመሪያ ያቺ የ5 ቮልት ጅረት ለካርዱ የምትደርሰው ሦስት ሽቦ ባለው አጭር ገመድ ነበር፤ በ1998 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው የፒ.ሲ.አይ. ደንብ ግን ኃይሉ በካርዱ መሰኪያ በኩል እንዲያልፍ ፈቀደ።

ጥበቡ ወደ መኖሪያ ቤት የገባው ዘግየት ብሎ ነው፤ በ2001 ዓ.ም. ዊንዶውስ ኤክስ.ፒ. ፕሮፌሽናል በሩቅ ያለን ኮምፒውተር እንደ ቅርብ የመጠቀም ችሎታ ይዞ በመጣ ጊዜ፣ ቤት የቀረውን ማሽን ማስነሣት ለብዙዎች የሚያስፈልግ ጉዳይ ሆነ። እዚህ ላይ ግን ለቢሮ የታሰበው ሥርዓት ለቤት አለመታሰቡ ታየ፦ ለሁሉ የሚነገረው ጥሪ በአንድ ቤት መሥመር ውስጥ የሚወሰን በመሆኑ፣ ራውተር ከውጭ ሲመጣ አያሳልፈውም፤ በልዩ ትእዛዝ እንዲያሳልፍ ቢደረግ እንኳ፣ ማሽኑ በተኛ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ራውተሩ የትኛው ካርድ የትኛው አድራሻ እንደ ነበረው ይረሳል። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ብዙ ኤሌክትሪክ የማይፈጅ አንድ ትንሽ ማሽን፣ ወይም ራውተሩን ራሱን፣ ሌትና ቀን ነቅቶ እንደሚጠብቅ ዓቃቤ ሰዓት በቤት ያቆማሉ፤ ባለቤቱ ከሩቅ ትእዛዙን ለዚህ ጠባቂ ይልካል፣ ጠባቂውም በቤቱ መሥመር ላይ ታላቁን ማሽን በስሙ ይጠራዋል። የሚጠራበት ቃል ዛሬም በ1995 ዓ.ም. የተደነገገው ያው 102 ባይት ነው።