ወደ ላይ የሚሄድ ፍሳሽ

እማዬ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮ እና በነጠላ የተጠቀለለ ፖፖ ነበር። ስስቅባት «የናንተን ቤት ማን ያውቀዋል?» አለችኝ። ልክ ነበረች። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የተከራየነው ቤዝመንት ሽንት ቤት የለውም። ያለው ፎቅ ላይ ነው፤ 13 ደረጃ ወጥቶ። የእማዬ ጉልበት ደግሞ ደረጃ አይወድም።

አንድ ሌሊት ፖፖውን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና፣ በአንድ እጇ ግድግዳውን ይዛ፣ ቀስ እያለች ስትወጣ አየኋት። እንዳላየ ሆኜ ተመልሼ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን የለም።

በሳምንቱ ቧንቧ ሠራተኛ አመጣሁ። የቤቱ ዋና የፍሳሽ መስመር የሚወጣው ከኛ ወለል ከፍ ብሎ ነው። ፍሳሽ በራሱ ክብደት ነው የሚሄደው፤ ቧንቧው በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ማዘቅዘቅ አለበት። እኛ ደግሞ ከታች ነን። ስለዚህ ወይ ኮንክሪቱን ሰብሮ ጉድጓድ መቆፈርና ፓምፕ መቅበር፣ ወይ ደግሞ ፈጭቶ ወደ ላይ የሚገፋ ማሽን ከመቀመጫው ኋላ ማስቀመጥ።

«ወደ ላይ?» አልኩት። የዘመኑ ፈጠራ መስሎኝ ነበር። ማታ ማንበብ ስጀምር ለንደን ደረስኩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1858 የበጋ ሙቀት የቴምዝ ወንዝ ከመሽተቱ የተነሳ የፓርላማው መጋረጃዎች በኖራ ክሎራይድ ተነከሩ። ሽታው አፍንጫቸው ድረስ ሲመጣ እንደራሴዎቹ ሕጉን በቀናት ውስጥ አጸደቁት። መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጄት ፍሳሹን በስበት ወደ ምሥራቅ የሚወስዱ ትልልቅ መስመሮች ዘረጋ። ግን ቁልቁለት ማለቂያ አለው፤ የሆነ ቦታ ላይ ማንሳት ግድ ነው። በ1865 በተመረቀው የክሮስነስ ጣቢያ አራት የእንፋሎት ሞተሮች ያነሱት ነበር። አንደኛዋ ስሟ ቪክቶሪያ ነው። አዎ፣ በንግሥቲቱ ስም። የኛ ሰው ቢሆን ይህን ስም ለማውጣት የሚደፍር አይመስለኝም!

ፓርላማው ራሱስ? ከምድር ቤቱ ሥር የሚጠራቀመውን ፍሳሽ የሚገፋለት ማሽን በ1888 ተተከለለት። አይዛክ ሾን የሚባል መሐንዲስ የፈጠረው ነው። የብረት ጋን ይሞላል፣ ተንሳፋፊው ሲነሳ የታመቀ አየር ይገባል፣ ፍሳሹ ወደ ከተማው መስመር ይገፋል፤ ተመልሶ እንዳይመጣ መዝጊያ አለው። ከመቶ ዓመት በላይ ሠርቷል። ጌቶቹም ከታች ሆነው ኖሯል!

ለቤት የሚሆነው ትንሹ ማሽን የመጣው ግን ከፈረንሳይ ነው፤ በ1958 የተመሠረተው ኤስኤፍኤ የሚባል ኩባንያ ሠራው። ከሽታው ዘመን ድፍን መቶ ዓመት። ፈረንሳይ ውስጥ እንዲህ ያለ ማሽን ከሚገባባቸው ቦታዎች አንዱ ጣሪያ ሥር ያለ የድሮ የሠራተኛ ክፍል ነው። ወፍራም ቧንቧ የሌለው ክፍል ከላይም አለ ማለት ነው።

አከራያችን «በራሳችሁ ወጪ ከሆነ፣ ፈቃድም ካወጣችሁ» አለ። አወጣን። መቀመጫው መውጫው ከኋላ የሆነ ዓይነት ነው። ከማሽኑ የሚነሳው ቧንቧ ከአውራ ጣት ብዙም አይወፍርም፤ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ ጣሪያውን ተከትሎ እያዘቀዘቀ ዋናው መስመር ላይ ይገባል። የአየር መተንፈሻና የራሱ ሶኬትም ተሠራለት። ከሽንት ቤት ወረቀት በቀር ምንም አይጣልበትም፤ የሕፃን መጥረጊያ ከገባበት ምላጩ ላይ ይጠመጠማል።

እማዬ መጀመሪያ ስትለቀው ማሽኑ እንደ ቡና መፍጫ አጓራ። ደንግጣ በሩን ከፈተችው።

«ምንድን ነው የሚፈጨው?»

ነገርኳት። ሳቀች፣ አማተበች። ከዚያ ሶኬቱን አየችና ዝም አለች።

«መብራት ቢጠፋስ?»

«አይሠራም፣ እማዬ።»

ፖፖዋን አጥባ አልጋዋ ሥር መለሰችው።