የኪታቦችን ፎቶ በብዛት ስናዘጋጅ ቀለማቸውን እንዴት እንጠብቅ?

በሐረር፣ በወሎና በሌሎች አካባቢዎች የሚገኙ የእጅ ጽሑፍ ኪታቦችን በካሜራ ማንሳት ይዘታቸውን ከጥፋት ለማዳን አንዱ መንገድ ነው። ፎቶው ግን ፊደሉን ብቻ ሳይሆን ቀለሙንም በትክክል መያዝ አለበት። መትኑ (ዋናው ጽሑፍ) በቀይ፣ ሸርሑ (ማብራሪያው) በጥቁር የተጻፈባቸው ኪታቦች ጥቂት አይደሉም። ቀዩ ወደ ቡናማ ከደበዘዘ የሙሶኒፉን ቃል ከሻሪሑ ቃል መለየት ያስቸግራል። መቶ ገጽ በአንድ ጊዜ ሲዘጋጅ ደግሞ አንድ የተሳሳተ ምርጫ መቶውንም ያበላሻል።

ከለር ስፔስ ምንድን ነው?

በዲጂታል ፎቶ ውስጥ ቀለም የሚቀመጠው በቁጥር ነው። ቁጥሩ የትኛውን ቀይ ወይም የትኛውን አረንጓዴ እንደሚያመለክት የሚወስነው ከለር ስፔስ ይባላል። ኤችፒና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ያቀረቡት ኤስአርጂቢ የድረ ገጾች የተለመደ መለኪያ ነው። አዶቤ አርጂቢ በተለይ በአረንጓዴ በኩል ከእሱ ይሰፋል፤ ፕሮፎቶ አርጂቢ ደግሞ ከሁለቱም ይሰፋል።

ሮው ፋይል የካሜራው ሴንሰር የተቀበለው ብርሃን ጥሬ መዝገብ ስለሆነ ከእነዚህ አንዱም ገና አልተሰጠውም። በካሜራው ሜኑ ላይ የምንመርጠው ከለር ስፔስ የሚለውጠው ጄፔጉን እንጂ ሮውን አይደለም። ለሮው ዋናው ምርጫ የሚደረገው እንደ ላይትሩም ወይም በነጻ እንደሚገኘው ዳርክቴብል ባሉ ፕሮግራሞች ፎቶውን ስናወጣ ነው።

የአሠራር ቅደም ተከተል

1. በአንድ ዓይነት ብርሃን የተነሱትን ለብቻ መለየት። በመስኮት ብርሃንና በአምፖል የተነሱ ገጾች በአንድ ማስተካከያ አይዘጋጁም።

2. በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ከኪታቡ ጎን ግራጫ ካርድ ማስቀመጥና ዋይት ባላንሱን ከካርዱ መውሰድ። ከወረቀቱ መውሰድ ስህተት ነው፤ ያረጀ ወረቀት ቢጫ ስለሆነ እሱን ነጭ ስናደርግ ሌላው ሁሉ ወደ ሰማያዊ ያደላል።

3. ያንኑ ማስተካከያ ለቀሩት ገጾች መቅዳት። «አውቶ» የሚለው ምርጫ እያንዳንዱን ገጽ ለየብቻ ስለሚያስተካክል ገጾቹ አይመሳሰሉም።

4. ሁለት ቅጂ ማውጣት። ለማኅደር 16 ቢት ቲፍ በአዶቤ አርጂቢ ወይም በፕሮፎቶ፣ ለድረ ገጽና ለስልክ 8 ቢት ጄፔግ በኤስአርጂቢ። ፕሮፎቶን በ8 ቢት ማስቀመጥ የቀለሙን ሽግግር ሊቆራርጠው ይችላል።

5. ፕሮፋይሉን ከፋይሉ ጋር ማያያዝ። ፕሮፋይል የሌለው የአዶቤ አርጂቢ ፎቶ እንደ ኤስአርጂቢ ሲነበብ ይደበዝዛል።

6. ከለር ስፔስ መቀየር ካስፈለገ «ኮንቨርት» የሚለውን መጠቀም። ኮንቨርት ቁጥሩን ቀይሮ ቀለሙን በተቻለ መጠን ይጠብቃል። «አሳይን» ግን ቁጥሩን እንዳለ ትቶ ትርጉሙን ብቻ ስለሚቀይር የሚታየው ቀለም ይለወጣል።

ሁሉንም ከማስኬዳችን በፊት ሦስት ገጾች አውጥተን ከኪታቡ ጋር ጎን ለጎን እናስተያይ። ሮው ፋይሎቹን ግን ፈጽሞ አናጥፋ፤ ስህተት ቢገኝ ኪታቡን ዳግም ሳንነካ ከእነሱ እንጀምራለን። የኪታቡ ባለቤት የሰጠን አማና ነው፤ ቀለሙን መጠበቅም የአማናው አካል ነው። አላህ ይወፍቀን።